ተባርኮ ስለ ተዘጋው የመዋኛ ገንዳችን

ለክቡር አቶ ኦክታቪያን ፑርካላብ
የዱምብራቪል ከተማ ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ የደም ግፊትዎ እንዴት ነው? ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከካሜራው ትይዩ፣ ለረጅም ሰዓት ተንበርክከው ስላየሁዎት አሳስቦኝ ነው። እኔ ዶምኒካ ጹርሌያ እባላለሁ፤ በዚህች ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሳድል የኖርሁ ጡረተኛ ነኝ። የእርስዎንም ደጅ ብዙ ጊዜ አንኳኩቻለሁና፣ ይህን አንዱን ደብዳቤ ሳላሽግ በጋዜጣ ብልክልዎ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ አምናለሁ።

ጡረታ ስወጣ እግሬ ሥራ ፈታ። በሦስት ዓመት ሃያ ስድስት ኪሎ ጨመርሁ፤ ደረጃ ስወጣ በየፎቁ ቆሜ የጎረቤት በር የማደንቅ ሴት ሆንሁ። ዶክተር ሳንዳ መርምራኝ፣ «ዶምኒካ፣ ጉልበትሽ አስፋልት አይችልም፤ ልብሽ ደግሞ ሶፋ አይችልም። የቀረሽ ውሃ ነው» አለችኝ። በስድሳ ሁለት ዓመቴ የመዋኛ ልብስ ገዛሁ። ሰውነትን መልሶ ማግኘት ከተጣሉት ዘመድ ጋር እንደ መታረቅ ነው፤ መጀመሪያ ትኮራረፋላችሁ፣ ከዚያ እያጉረመረመ ይታዘዝሻል፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ሳትለምኚው ካልጋ ያነሣሻል። እርስዎ በመኪና ስለሚመላለሱ ይህን ደስታ ላያውቁት ይችላሉ።

ወደ ገንዳው አብራኝ የምትሄደው ጎረቤቴ ዛምፊራ ነበረች። ሰባ ዓመቷ ነው፤ የጭንቅላት ደም መፍሰስ ቀኝ እግሯን ካሰነፈባት በኋላ በየብስ ያለ ሰው ድጋፍ አትራመድም። በኅዳር ወር ግን ውሃው ውስጥ ማንም ሳይይዛት ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች።

«ዶምኒካ፣ እዪኝ! እንደ ጴጥሮስ!» ብላ ጮኸች።

«ጴጥሮስ የሄደው በላዩ ነው፤ አንቺ በውስጡ ነሽ» አልኋት።

«እሱ ሰጥሟል፣ እኔ አልሰጠምሁም!»

ከዚህ በኋላ ነው ቸርነትዎ የደረሰን። ምስጋናዬን በቁጥር ባቀርብ ለጸሐፊዎ ይቀለዋል።

፩ኛ. ከጥንት ጀምሮ በወንዝ ዳር ይከበር የነበረውን ጥምቀት በምርጫው ዓመት ወደ መዋኛ ገንዳው ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ወንዙ ስምዎ የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም፤ ገንዳው ግን አለው። የደብራችን አገልጋይ ቄስ ቪሳሪዮን ውሃውን ባረኩ፣ እርስዎም ፎቶ ተነሡ። በማግስቱ ፎጣችንን ይዘን ስንሄድ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን፦ ውሃው የተቀደሰ ስለሆነ በመዋኛ ልብስ መግባት በምክር ቤቱ ውሳኔ ተከልክሏል፤ በጣት ጠቅሶ ማማተብ ይፈቀዳል። ዛምፊራ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ «እግሬን በጣት ጠቅሼ ላራምደው?» አለች።

፪ኛ. በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ እንድናገር ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። የመክፈቻው ጸሎት አሥራ አንድ ደቂቃ ወሰደ፤ ለእኔ አንድ ደቂቃ ደረሰኝ። ስለ ገንዳው ስጠይቅዎ፣ «ወይዘሮ ዶምኒካ፣ እርስዎ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?» ብለው በሰው ፊት ጠየቁኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ያንኳኳሁባቸው ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ፊቴ ነደደ፤ ደቂቃዬም አለቀ። ያን ጊዜ ቄስ ቪሳሪዮን ከኋላ ወንበር ተነሡ።

«ልጄ፣ ውሃውን የባረክሁት እኔ ነኝ» አሉዎ። «የባረክሁትም እንዲገቡበት ነው። መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው የሚያስገባው ሰው አጥቶ እንጂ በሩ ተቆልፎበት አልነበረም።»

እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «አባታችን ደክሟቸዋል፤ ዕድሜ ነው» አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባታችን አሥራ ዘጠኝ ቤት ወዳለባት የተራራ መንደር ተዛወሩ። ለጳጳሱ ማን እንደ ጻፈ አላውቅም፤ እኔ ደብዳቤ ማደል ትቻለሁ።

ለጥያቄዎ ግን ዘግይቼም ቢሆን ልመልስ። ክርስቲያን ነኝ። በድሮው መንግሥት ጊዜ እናቴ የፋሲካ እንቁላል የምታቀልመው መጋረጃ ዘግታ ነበር። ያ መንግሥት እግዚአብሔርን ከቢሮ አባረረው፤ እርስዎ ደግሞ መልሰው አስገቡትና በጸሐፊነት ቀጠሩት። የጻፉትን ሁሉ እንዲፈርም ያደርጉታል። እናቴ ብትኖር የቱን እንደምትመርጥ አላውቅም፤ መጋረጃዋን እንደገና እንደምትዘጋ ግን አውቃለሁ።

፫ኛ. የተከበረው ውሃ የሚዋኝበት ስለሌለ የሚያጣራውም ጠፋ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ አረንጓዴ ሆነ፣ ሸተተም። እርስዎም በፍሳሽ ቦይ እንዲለቀቅ አዘዙ። የአሮጊት ገላ ያረክሰዋል የተባለው ጠበል ከመጸዳጃ ቤታችን ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ቤተ ክርስቲያን የተረፈ ጠበል እግር በማይረግጠው ቦታ እንዲፈስስ ታዝዛለች፤ ስለዚህ ነገር በዚያ በአሥራ አንድ ደቂቃው ጸሎት ውስጥ ያነሣልዎ ሰው አልነበረምን?

፬ኛ. በዚህ ቁጥር ምስጋና የለኝም። ዛምፊራ እግሯ የለመደውን እንዳይረሳ ብላ በየካቲት ወር በቤቷ ኮሪደር ብቻዋን ስትለማመድ ወደቀች፤ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። በሌላ ከተማ ሴት ልጇ ቤት ተኝታለች። ቢሮዎ የእርስዎ ፎቶ ያለበት የቅዱሳን ቀን መቁጠሪያ ልኮላታል። ልጠይቃት ሄጄ ወደ ግድግዳው ተገልብጦ ተሰቅሎ አገኘሁት። «ለከንቲባው እየጸለይሁለት ነው በዪው» አለችኝ፤ «ምን ብዬ እንደሆነ ግን አትንገሪው።» ሣቀች፤ ስትሥቅ አጥንቷ አመማትና አለቀሰች። እጇን ይዤ ተቀመጥሁ። እርስዎን የጠላሁት በዚያች ሰዓት ነው፤ ሲናዘዙ «ተጸጽቻለሁ» ይባላል፤ እኔ ግን ገና አልተጸጸትሁም።

ገንዳው ዛሬም ባዶ ነው። እኛ አሥራ ስድስት ሴቶች በየማክሰኞውና በየዓርቡ በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ እየሄድን እንዋኛለን። የዚያች ከተማ ከንቲባ ምን እንደሚያምን ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ውሃው ግን ሞቃት ነው። እኔም አሥራ አራት ኪሎ ቀንሻለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ፣ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱን ያለ ካሜራ እንዲያሳልፉት ይርዳዎ እያልሁ፣ የክብርዎ ትሑት ታዛቢ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ዶምኒካ ጹርሌያ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ዶክተር ሳንዳ ልቤን አዳምጣ፣ «አሁን ምንም ነገር ይችላል» ብላኛለች። በዚያው ቀን ለከንቲባነት የሚወዳደሩ ሰዎች የሚሞሉትን ቅጽ ወሰድሁ። ሃይማኖት የሚል ጥያቄ የለበትም፤ እርስዎ ሦስት ጊዜ ስለ ሞሉት አስተውለውት ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር።