ለውድድር ቀን የተቀመጠው ባትሪ

ሰኞ

ዛሬ ልምምድ አልመጣችም። ሮቦታችንን የምትነዳው ቤተልሔም። ቅዳሜ በማጣሪያው ሮቦቱ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ሜዳው መሃል ቀጥ ሲል፣ የሮቦት ክበቡ ኃላፊ እኔ፣ በሰው ፊት «ቻርጅ ሳታደርጊው ነው ያመጣሽው!» ብዬ ጮህኩባት። «አድርጌያለሁ ቲቸር፤ የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት በርቶ ነው የነቀልኩት» አለች። አላመንኳትም። ቀደም ሲል ባገኘነው ነጥብ እንደምንም አልፈናል። የመጨረሻው ውድድር በዚህ ቅዳሜ ነው፤ ሌላ የሚነዳ ልጅ የለኝም።

ስድስት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ አስተምሮ፣ ክበብ መርቶ፣ ለጀሞ ታክሲ መሰለፍ። እግሬ የኔ አልመስል ብሎኛል።

ማክሰኞ

የቅዳሜውን ባትሪ ራሴ ቻርጅ አደረግኩት። ቻርጀሩ በሃያ ደቂቃ አረንጓዴ አበራ። ለካሁት፦ አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት ቮልት። ሙሉ! ሮቦቱ ላይ አሰርኩትና ክፍሉን ሳያጋምስ ቆመ። የጠረጠርኳቸው፦

ሽቦው። ቀየርኩት፣ ያው ነው።
ማብሪያ ማጥፊያው። ደህና ነው።
ሞተሮቹ። በእጅ ሳዞራቸው አይከብዱም።
ቤተልሔም። እሷ ደግሞ እዚህ የለችም።

ረቡዕ

ነፋስ ስልክ፣ ጌታቸው ጋራዥ ሄድኩ። አብሮ አደጌ ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። የቮልት መለኪያ ሜትሬን ሲያይ ሳቀብኝ። «ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ባትሪ ስትለካ ምን ይነግርሃል? አሸክመው እንጂ!» አለና የመኪና የፊት መብራት አምፖል አገናኘበት። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ወዲያው ደበዘዘ፤ ሜትሩ ከስምንት በታች ወረደ።

«መቼ የተገዛ ነው?»
«አዲስ ነው። አምና።»
«የት ነበር?»
«ቁም ሳጥን ውስጥ። ለውድድር ቀን ብዬ ቆልፌበት።»
«ዓመት ሙሉ ቻርጅ ሳታደርገው?»

«እንግዲያው በመቀመጥ ነው የሞተው» አለ ጌታቸው። ቻርጀሩ ቶሎ አረንጓዴ የሚያበራውም ባትሪው መቀበል ስላቆመ ነው።

በባለቤቴ ስንት ዓመት ሙሉ ቀልጄባታለሁ፤ ለእንግዳ ብላ ቡፌ ውስጥ የደረደረቻቸው ብርጭቆዎች እስካሁን ውሃ አልነካቸውም። ዛሬ ቤት ስገባ ቡፌውን ማየት አፈርኩ።

ሐሙስ

አምፖሉን ከጌታቸው ተውሼ መጣሁ። ልጆቹ በየቀኑ የሚለማመዱበትን አሮጌ ባትሪ ሞከርኩት፤ ጥጉ ተፋፍቋል፣ ስማቸውን ጽፈውበታል። ሃያ ደቂቃ አበራ፣ ምንም አልደበዘዘም። ለካ ቤተልሔም ዘወትር ከልምምድ በኋላ ቻርጅ ሳታደርገው ወደ ቤት አትሄድም ነበር። ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። እኔ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ደወልኩላት፤ እናቷ አነሱት። «ቅዳሜ ምሳም ሳትበላ ነው የተኛችው። ምን ሆነሽ ብላት አትናገርም» አሉኝ። በሰው ፊት የጮህኩባት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሰሙኝና «እሱን ለሷ ይንገሯት» አሉ።

ዓርብ

መጣች። በሰው ፊት ስለወቀስኳት በሰው ፊት ነገርኳት፦ ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ያልሽው ሁሉ እውነት ነበር፣ ይቅርታ። ልጆቹ ወለሉን ያያሉ።

«ነገ በየትኛው ነው የምንወዳደረው?» አለች።
«በአሮጌው።»
«ያን ቀንም በሱ ይሁን ብዬዎት ነበር።»

እውነቷን ነው። ብላኛለች። አልሰማኋትም።

እጇን ዘረጋች። «የቁም ሳጥኑ ቁልፍ እኔ ጋ ይሁን፣ ቲቸር።»

ከቁልፎቼ መሃል ፈትቼ ሰጠኋት። ፊቷ አልተፈታም፤ ነገ እንዴት እንደምንሆንም አላውቅም። ቁልፉን ኪሷ ከተተችና አሮጌውን ባትሪ ቻርጀሩ ላይ ሰካችው።