ዘይቱናን እንድመልስ ላዘዙኝ ሹም

ለክቡር የሐይቁ ዳር የመተላለፊያ ወረቀት ሹም፤
ባሕር ዳር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የጣና ትንኝ ለእንግዳ ደም እንደማያዝን ስለማውቅ አጎበርዎ ቀዳዳ እንዳይኖረው፣ ሆድዎ የሐይቁን ውሃ እንዲለምድልዎ፣ በጠረጴዛዎ ላይ የተከመረውንም ወረቀት ነፋስ እንዳይበትንብዎ እመኛለሁ። ወረቀቱ ቢበተን ማን ሰው እንደ ሆነና ማን እንዳልሆነ የሚለዩበት ሌላ መንገድ ያለዎ አይመስለኝም።

እኔ ኢስሀቅ እባላለሁ። እዚሁ ሐይቁ ዳር ደንገል እያጨድሁና እያሰርሁ ታንኳ የምሠራ የሰባ ዓመት ሰው ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም፤ ወደ ገዳማቱ እህል ሳደርስ ተማሪዎች ሲያነቡ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ እያየሁ የለቀምሁት ነው። ስለዚህ በጽሕፈቴ ስሕተት ቢያገኙ የእኔ ነው፤ በነገሩ ስሕተት ቢያገኙ ግን የእርስዎ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በአስተርጓሚዎ አፍ የሰጡኝ ትእዛዝ ደርሶኛል። በስምንት ቀን ውስጥ የልጄን ልጅ ዘይቱናን ከማክሰኝት አምጥቼ በፊትዎ እንዳቆማት፣ ይህን ባላደርግ ታንኳዎቼ እንደሚቃጠሉና እኔም እንደምታሰር ተነግሮኛል። ዘይቱና ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሆናት ሕፃን ናት። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ይህች ልጅ በእርስዎ ቸርነት ዓለምን እንዴት እንደ ዞረች ዘርዝሬ ማመስገን ይገባኛል፤ የተደረገልንን ሳልቆጥር ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁና።

የዘይቱና እናት ልጄ ራሂማ ማክሰኝት አግብታ ትኖራለች። ባለፈው ግንቦት ልጇን ይዛ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለች ባሏ በጠና ታመመ የሚል መልእክት ደረሳት። ልጅቱ ኩፍኝ ይዟት ስለ ነበር በታንኳ ልትወስዳት አልደፈረችም፤ ለአሥራ አምስት ቀን ብላ እኔ ዘንድ ትታት ሄደች። እርስዎ ደግሞ በተከታዩ ሰኔ ያለ ወረቀት ከዳር ወደ ዳር ሲሄድ የተገኘ ሁሉ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል ብለው አሳወጁ። አሥራ አምስቱ ቀን አምስት ወር ሆነ።

አንደኛው ምስጋናዬ ለወረቀቱ ነው። እርሱን ለማግኘት ልጅቱን አዝዬ አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ደጅዎ ተመላልሻለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጸሐፊዎ የዘይቱና ሥራ ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ ምንም እንደማትሠራ ነገርሁት፤ ሥራ ፈት ብሎ መዘገባት። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክሮ ሊያሳትማት ሲል እጇን መንጭቃ መላ መዳፏን ከመዝገቡ ላይ፣ ከእርስዎ ፊርማ ላይ አሳረፈችው፤ የተረፈውንም ቀለም ላሰችው። እርስዎ ከውስጥ ወጥተው ሲቆጡ እርስዎን እያየች ሳቀች። በዚያ ቤት ሰው ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ይህም ከመንግሥትዎ ሥራ አንዱ ሆኖ ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ በየታንኳው ላይ በምስማር ይመታ ስላሉት ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ነው። ደንገል ምስማር እንደማይዝ ለአስተርጓሚዎ ነግሬው ነበር። ታንኳ እንደ እርስዎ ጀልባ ከእንጨትና ከብረት አይሠራም፤ ሣር ነው። ውሃ ይጠጣል፤ ከጉዞ በኋላ በፀሐይ ቆሞ ይደርቃል፤ ቢበዛ በሁለት ወር በስብሶ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ይህን ከሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ አንድ እርስዎ ብቻ አያውቁም፤ የሚያዝዙት ግን እርስዎ ነዎት። ታንኳዬን በሐምሌ ቁጥር አርባ አንድ ብለው፣ ርዝመቱን ለክተው በመዝገብ አስገቡት። ወረቀቱን የሰጡኝ በጥቅምት ነው፤ በላዩም ኢስሀቅና ሕፃን ዘይቱና በታንኳ ቁጥር አርባ አንድ እንዲሄዱ ተፈቅዷል ይላል። ቁጥር አርባ አንድ ግን ገና በመስከረም በስብሶ ዳር ላይ ቀርቷል። እኔም እንደ ልማዳችን አዲስ አስሬ ቆርቆሮውን በገመድ አሰርሁበት። ዘበኛዎ ሲለካው በሁለት ክንድ በልጦ ተገኘና የሰው ታንኳ ሰርቀሃል ብሎ ወረሰው። ወረቀቱ ግን ዋጋው እንዳልተነካ አረጋገጡልኝ። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ሹማምንት አይቻለሁ፤ በሌለ ታንኳ እንድሳፈር የፈቀደልኝ ግን ከእርስዎ በፊት ማንም አልነበረም።

ሦስተኛው ለመንገዱ ነው። በታንኳ ዳር ዳሩን ብንሄድ ወደ ማክሰኝት ከሚያወጣው ወደብ በአራት ቀን እንደርስ ነበር። ያለ ታንኳ ግን ዓባይን እንኳ ከአፉ ላይ መሻገር አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ ሰሜን ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ እስከ ጢስ ዓባይ የድንጋይ ድልድይ ድረስ ወረድን። ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ተነሥተን ኅዳር አምስት ቀን ደረስን። ሃያ ሦስት ቀን ነው። ዘይቱና ከዘመዶቿ ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ስትሆን አገር በማየት ግን ትልቋ አደረጓት።

ከሁለት ዓመት ልጅ ጋር መንገድ ሄደው ያውቁ እንደ ሆነ አላውቅም። በጀርባዬ ሳዝላት በእግሬ ልሂድ ትላለች፤ ሳወርዳት አሥር እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች። የደነቃትን ጠጠር ሁሉ አንሥታ እንድይዝላት ትሰጠኛለች፤ ብጥለው ታለቅሳለች። ካገኘነው አህያ ሁሉ ጋር ሰላምታ ካልተለዋወጠች አትነቃነቅም። በዚህ ላይ ባገራችን ሽማግሌ ሕፃን በትከሻው ይይዛል እንጂ እንደ ሴት በጀርባው አያዝልም፤ የእኔ ትከሻ ግን ከአንድ ቀን በላይ አልቻለም። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች አይተው አላለፉኝም። አንዷ እንስራዋን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ ማጥባቱንስ ለመዱት?» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ይህችን ለእናቷ ነው ማድረሴ ብዬ ስመልስ ሳቁን ትተው ልጅቱን አውርደው አጠቡልኝ፤ ልብሷንም አጥበው እስኪደርቅ አስቀመጡን።

በጢስ ዓባይ ያሳደረችን የቄስ ሚስት ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ናት። ቤቱ በሙሉ የጽጌን ጾም ይዟል፤ እሷ ግን ለዘይቱና ላም አለበች፤ ለእኔም እንደ ሃይማኖቴ ራሴ እንዳርደው ዶሮ ከነሕይወቱ በእጄ ሰጠችኝ። መስጊድ የምሄድ እንጂ ቤተ ክርስቲያን የምሳለም እንዳልሆንሁ ሳልነግራት ለይታለች፤ ወረቀቴን ግን አልጠየቀችም። እርስዎ ይህን ሁሉ ለማወቅ አሥራ አንድ ቀንና አንድ መዝገብ እንዳስፈለገዎ ባሰብሁ ጊዜ በጣም አዘንሁልዎ።

አራተኛው ለወንዛዬ ኬላ ነው። የኬላው አለቃ የሆነው ባንዳ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ ካየ በኋላ፣ ሽማግሌው እግር ስላለው በመንገድ መሄድ እንደሚችል፣ ሕፃኗ ግን በታንኳ ላይ ስለ ተጻፈች በደረቅ መሬት ልታልፍ እንደማትችል ፈረደ። እኔ ልጅቱን ትቼ እንድሄድ ወይም ሐይቅ ፈልጌ እንድመጣ መከረኝ። ስድስት ቀን ያዙን። ጠዋት ጠዋት ከኬላው አጠገብ ባለው ፍል ውሃ አጠብኋት፤ ለጤናዋ ተስማማት፤ ይህንም በምስጋናው ውስጥ ይጨምሩልኝ። በሰባተኛው ቀን አለቃው ልቅሶዋ እንቅልፍ ስለ ነሳው ለቀቀን። በጠቅላላው ሰባት ኬላ አልፈናል፤ ከሰባቱ ያሳለፈን ወረቀትዎ ሳይሆን የዘይቱና ጩኸት ነው።

አምስተኛውን ምስጋና አሳጥሬ እጽፈዋለሁ፤ ማርዘም አልወድምና። በየኬላው ሲፈትሹኝ እጆቼን ወደ ላይ አንሣ ይሉኛል። ዘይቱና ከሦስተኛው ኬላ በኋላ ይህን ተማረች። ሰው ፊት ለፊቷ መጥቶ በቆመ ቁጥር ሳትታዘዝ ሁለት እጆቿን ታነሣለች፤ እስኪዳስሷትም ዝም ብላ ትቆማለች። ማክሰኝት ስንደርስ እናቷ ከደጅ ሮጣ ወጥታ ከፊቷ ተንበረከከች። ዘይቱና አላወቀቻትም። እጆቿን አንሥታ ቆመች። ራሂማ «ልጄ እቀፊኝ አለችኝ» ብላ አንሥታ ደረቷ ላይ አስተኛቻት፤ አልቅሳም ሳመቻት። እኔ እጆቹ ለምን እንደ ተነሡ አልነገርኋትም። እስከ ዛሬም አልነገርኋትም። ለእርስዎ የምነግርዎ ያስተማሯት እርስዎ ስለሆኑ፣ አስተማሪም ተማሪው ምን ያህል እንደ ቀሰመ ማወቅ ስለሚገባው ነው።

ሦስት ቀን እናቷን እምቢ አለቻት። ከእኔ ጀርባ አልወርድም ብላ ቀሚሴን ይዛ አደረች። በአራተኛው ቀን ከራሂማ እጅ ወተት ጠጣች፤ በአምስተኛው ከእሷ ጋር ተኛች፤ በስድስተኛው እኔ ወጥቼ ስገባ ዞር ብላም አላየችኝ። ያን ጊዜ ዕቃዬን ጠቀለልሁ። ራሂማ እስከ ሰፈሩ ዳር ሸኝታኝ፣ «አባዬ፣ እንግዲህ ማንም መጥቶ አይወስዳትም?» አለችኝ።

«ማንም» አልኋት።

ብቻዬን ተመልሼ ወረቀቱን ላስረክብ ደጅዎ ስቆም፣ እርስዎ መዝገቡን ገልጠው፣ «ሁለት ሰው ወጥቷል፤ ሁለት ሰው ይመለስ» አሉ። እናቷ ዘንድ ናት ብዬ አስረዳሁ። እናት የሚል ቦታ በመዝገቡ እንደሌለ በአስተርጓሚዎ አስነገሩኝ፤ ስምንቱንም ቀን ቆረጡልኝ።

ይህ በሰፈር ከተሰማ ወዲህ ሦስት ጎረቤቶች የየራሳቸውን ሕፃን ሊያውሱኝ መጥተዋል። እኩያዋ የሆነች ማንኛይቱንም ልጅ ባቆም እርስዎ እንደማይለዩ ሁሉም በአንድ ቃል ይስማማሉ፤ እኔም እንደማይለዩ አምናለሁ። ሆኖም አሰናብቻቸዋለሁ። እኔ በማንም መዝገብ ውሸት አስገብቼ አላውቅም፤ በእርስዎም አልጀምርም። ደግሞም የሌላ ሰው ልጅ እጁን አንሥቶ መቆም እንዲማር ወደ ደጅዎ አልወስድም፤ አንድ ይበቃል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ዘይቱናን አላመጣትም። በስምንት ቀን ቢሆን፣ በስምንት ዓመት ቢሆን አላመጣትም። የእናቷንም ቤት ለላኩት ሰው አላሳይም። ለልጄ ማንም ብያታለሁ፤ ማንም ስል እርስዎን ጭምር ማለቴ ነው። ስምንቱ ቀን እስኪሞላ እንዲደክሙም አልፈልግም። ከነገ ወዲያ ሰኞ ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ወደ ደጅዎ እመጣለሁ፤ ብቻዬን ነኝ፤ የሚያስሩኝ ሰዎች ሐይቁ ዳር ድረስ መጥተው ልጅ ፍለጋ ጎረቤት እንዳያስደነግጡ ነው። በመዝገብዎ ሁለት ወጣ፣ አንድ ገባ፣ አንዷ ግን እቤቷ ደረሰች ብለው ይጻፉ። ቦታ ከጠበበ የእኔን ስም ሰርዘው በእሱ ላይ ይጻፉት።

በሌለ ታንኳ ያሳፈሩኝ፣ ሽማግሌ ሳለሁ ሕፃን ማዘልን ያስተማሩኝ፣ በአራት ቀን ፋንታ ሃያ ሦስት ቀን ከልጅ ልጄ ጋር እንድሰነብት ያደረጉኝ ክቡር ሹም፣ ለዚህ ሁሉ ደግነትዎ አጸፋውን መመለስ ስለማይቻለኝ፣ ወደ አገርዎ የሚመለሱበት ቀን እንዲቀርብልዎ፣ በመንገድዎም ላይ ኬላ እንዳይገጥምዎ ከልቤ እየለመንሁ፣ በማይጎነብስ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ታንኳ ሠሪው ኢስሀቅ

ይድረስልኝ ያልሁት ተጨማሪ ቃል፤ አስተርጓሚዎ ጨዋ ሰው ስለሆነ ሲያነብልዎ መራራውን ቃል ሁሉ እንደሚያጣፍጥልዎ እገምታለሁ፤ እንዳይቀየሙት፤ እንጀራው ነው። የዚህን ደብዳቤ ሁለት ግልባጭ ግን አንዱን በመስጊዱ በር፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ በር ሰቅያለሁ፤ ዛሬም የገበያ ቀን ነው። የጻፍሁት እንዳለ ሳይለወጥ ያልደረሰው ሰው በባሕር ዳር ቢኖር እርስዎ ብቻ ይሆናሉ።