«ያልተናገረ አለ?»

ሃኒዬ፣
ትናንት እኩለ ቀን ላይ ለሥራ የመጣሁባትን ዲክሲስን ጉም ውጧት፣ የግጦሽ ሜዳው ይታረስ በሚል በተጠራ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሜዳው ዳር የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጥንት መቃብር አለ። ሰው ሁሉ ተስማማ። የእኛ ቢሮ ቢሆን «ተቃውሞ ከሌለ ጸድቋል» ተብሎ ይበተን ነበር። የሰብሳቢዋ የወይዘሮ ዙቤዳ እናት ግን አማርኛ ስለማይሰሙ ከየስብሰባው ሳይጠየቁ ይመለሱ ነበር፤ ልጃቸው ታዲያ በአማርኛም በኦሮምኛም «ያልተናገረ አለ?» ሳይሉ አይዘጉም።

ጠየቁ። ከመቃብሩ በኩል፣ ማንም ካልተቀመጠበት፣ «እኔስ?» የሚል ድምፅ መጣ። ግማሻችን በአማርኛ፣ ግማሻችን በኦሮምኛ ነው የሰማነው። ወይዘሮ ዙቤዳ ረጋ ብለው «ሰምተናል» አሉ። ማረሱ ቀረ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ለእማማ ተሻለች፣ ለእንደሻው፣ ለሮሐ ሰላም በይልኝ። የዘለልኩት ሰው ካለም አደራ፣ አንቺው ጨምሪው፤ «እኔስ?» እንዳይለኝ።