ከጂዳ የላክኸው ክዳን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአብዱልባሲጥ ዐብደላ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለጤናህ እንደምን አለህ? የጂዳ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይ? ምሳህንስ በወጉ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ በሻይና በዳቦ ነው የምትውለው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጨምርበት ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የመጣችው ለዑምራ የተነሣችው ጎረቤታችን ናት። በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ከስልኩ አጠገብ ስለማይጠፋ ነው። ደግሞም አፌን ስከፍት ለቅሶ ይቀድመኛል። እንግዲህ ቁጭ ብለህ አንብበው። የአባባ ዓይን ጠፍቷል። የቀኙ ጨርሶ አያይም፤ የግራው ብርሃንና ጨለማን ብቻ ይለያል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገው፣ ከዚህ በኋላ ዱዓ አድርጉ ብለውናል።

በስልክ ፊቱን አላሳይህ ያለው ለዚህ ነው። አንተ ግን ተቀይሞኛል ብለህ አኮረፍክ። በመውሊድ ደውለህ ካሜራውን ክፈት ብትለው እምቢ ሲልህ፣ ሰው አገር ቀረህ ብሎ ፊቱን የሚነሣኝ ከሆነ እኔም አልደውልም ብለህ እማማ ላይ ዘጋህባት። ከዚያ ወዲህ ድምፅህ ጠፋ። እሱ ስልኩን ከጭኑ ላይ አያወርድም። ሌላ ሰው በደወለ ቁጥር አብዱ ነው ወይ ይለኛል፤ አይደለም ማለት ሰለቸኝ።

ነገሩ የሆነው በሰኔ፣ አባባ ነጋዴዎች ጭኖ ከዛሪማ ገበያ ሲመለስ ነው። ድብ ባሕርን አልፎ የሊማሊሞን ዳገት ሲያጋምስ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰና ሞተሩ ፈላ። መጠባበቂያ ቺንጋ ነበረው፤ ቀየረው። የቀረው ራዲያተሩ ላይ ውሃ መጨመር ብቻ ነበር። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሳይመሽ ደባርቅ መግባት ግድ ነው። ተሳፋሪዎቹ ልባቸው ተሰቅሎ ነበር አሉ።

አባባም እንደ ልማዱ አደረገ። መኪናው ሲፈላበት ጥላ ፈልጎ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል፣ ከዚያ ፎጣውን ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ምንም ሆኖ አያውቅም። ለምን እንዳልሆነ የገባኝ አሁን ነው። የአሮጌው ክዳን ጎማ የደረቀ፣ ስፕሪንጉም የላላ ነበር። እንፋሎቱ መንገድ ለመንገድ እያመለጠ ያልቅና ሲከፍተው የሚተፋው ነገር አይኖረውም። ውሃ እየጨረሰ አስቸገረኝ ብሎ ሲያማርርብህ አይደል፣ ከምትሠራበት የመለዋወጫ መደብር አዲሱን የላክህለት?

አዲሱ ሸጋ ክዳን ነው። አባባ መኪናው ላይ ከመግጠሙ በፊት ልጄ ኦሪጅናል ላከልኝ እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳይቷል። የዚህ ዕቃ ሥራው መያዝ ነው፤ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው በደጋው ቶሎ አይፈላም። ያን ቀንም ያዘ። አባባ የዐስር ሶላቱን ሰግዶ ተነሣና እንደ አሮጌው መስሎት አንዴ አዞረው። የታመቀው ፍል ውሃ ሁሉ ፊቱ ላይ ወጣ። ከኋላው ይመጣ የነበረው የሥራ ባልደረባው ምስጋናው ነው በሚነዳው የሰው መኪና ሐኪም ቤት ያደረሰው። አያ ዐብደላ መንገዱን ሙሉ አንዴም አልጮኸም፣ ለአብዱ እንዳትነግሩት ብቻ ነበር የሚለው አለኝ።

የደበቀህ ይኸው ነው። ቂም የለበትም። እኔ በላክሁለት ዕቃ የአባቴ ዓይን ጠፋ ብሎ ዕድሜ ልኩን ይብሰከሰካል ነው የሚለው። እማማን በቁርአን አስምሏታል። እኔንም ሊያስምለኝ ሲል ወተቱ ገነፈለ ብዬ ሮጬ ወጣሁ። ወተትም አልነበረን።

አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ሰሞን አንተንም ጠልቼህ ነበር። ክዳኑን ነቅዬ ልወረውረው ስል ምስጋናው ከለከለኝ። ዕቃው ምን አጠፋ፣ የተሠራበትን ነው ያደረገው አለኝ። እውነቱን ነው። ይህኛው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ እስኪበርድ ጠብቅ ብለህ ብትነግረውስ መቼ ይሰማህ ነበር? ለአንድ ሾፌር የክዳን አከፋፈት ማን ያስተምራል?

መኪናውን አሁን ምስጋናው ይነዳዋል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ አባባ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይወጣና ክዳኑን ራሱ ይከፍታል። ጎማው ተሰንጥቆ እንደሆነ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ይፈትሸዋል፣ ዝቃጩን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ተጭኖ ይገጥመዋል። ምስጋናው በየቀኑ አያስፈልገውም ይላል፤ እኔ ተወው አልኩት። መኪናው ከሄደ በኋላ አባባ እዚያው ባዶ ቦታው ላይ ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። እጁን ይዤ እስካስገባው ድረስ አይንቀሳቀስም። ይህን ማየት አቅቶኛል ወንድሜ።

እሱ ሊያወርድልህ የፈለገውን ሸክም እኔ እንደጫንኩብህ አውቃለሁ። አባቴ ጠላኝ ብለህ ከምትኖር ይህን አውቀህ ብታለቅስ ይሻላል ብዬ ነው። ገንዘብ ላክ አላልኩህም፤ ሥራህን ጥለህ ና አላልኩህም። ደውልለት። ካሜራ ክፈት አትበለው። ማሩኝ ይቅር በሉኝ ማለትም አታብዛ፣ መናገሬን ያውቅብኛል። ስለ ሥራህ አውራው፣ ስለ ሙቀቱ አማርርለት፣ እንደ ድሮው ይቆጣህ።

እማማ ሐዲጃ አብዝታ ሰላም ብላሃለች። መሐላዋ ስላለባት ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም፤ ወረቀቱን ገዝታ የሰጠችኝ ግን እሷ ናት። ቀን ቀን ከአባባ ጋር ቁጭ ብላ የምታጫውተው ጎረቤታችን እቴነሽ፣ እመቤቴ ትጠብቅህ ብላለች። ምስጋናውም ሰላም ብሎሃል። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የአባባን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም፤ መጻፌን አያውቅም። የእሱን ደውለህ ራስህ ተቀበል።

እህትህ ያስሚን ዐብደላ
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.