በኮሚቴው ክብደት ስለተመረጠው የመኪናችን የኋላ ሞላ

ለክቡር ጋሽ ንጉሴ
የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ፣ እንዲሁም የሞላ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መርሳ

ጉዳዩ፦ ለተዋለልን ውለታ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብትዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ሰፈርተኞችዎ የእርስዎን ጤና ዘንድሮ ከወትሮው አጥብቀን እንመኛለን፤ አያድርገውና ቢታመሙ ወደ ወልድያ የምትወስድዎት ያችው እርስዎ ሞላ ያስመረጡላት የቅሬያችን መኪና ናትና፣ ይህን ደግሞ እንኳን ለዳኛችን ለጠላትም አንመኝም። ደብዳቤዬን በድንኳን ማስቀመጫው ቤት በር ላይ መለጠፌን በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ስብሰባ ላይ ሴት ለመናገር ስትነሳ ኮሚቴው ሰዓቱን ማየት ያበዛል፣ በር ግን ሰዓት አያይም ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የጎረቤቴን የሀጂራን ወሬ ላድርስልዎት። እንደሚያውቁት ክረምት ላይ ደጃፏ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ ወልድያ ብረት ገብቶላታል። አሁን ደህና ናት፤ በምርኩዝ ከመኝታዋ እስከ አጥራችን ትመጣና እሷ አልሀምዱሊላህ፣ እኔ ተመስገን እንባባላለን። ባሏ አብዱልሐሊም ወጥ መሥራት ጀምሯል፤ የሚያሳርረው ሽንኩርት ሽታ እኔ ቤት ድረስ ስለሚመጣ፣ ቶሎ እንድትድን የምጸልየው ለእሷ ብቻ ብዬ ነው ብል ውሸቴን ነው። ልጇ ሉብና ታጭታለች፣ ኒካውም ቀርቧል፤ የሀጂራ ሐሳብ እንግዲህ አንድ ብቻ ነው፤ የልጇን እንግዶች ቆማ መቀበል። ለዚህም የፊታችን ሐሙስ ሐኪሟ ዘንድ መቅረብ አለባት፤ የብረቱን ነገር አይቶ ምርኩዟን የሚያስጥላት፣ የተበላሸ ነገር ቢኖርም ሳይብስ የሚያስተካክልላት በዚያ ቀን ነው። ሚኒባስ እንዳንል እግሯን ዘርግታ የምትቀመጥበት ቦታ የለውም። የቅሬውን መኪና ስንላት ደግሞ «ወላሂ በዚያች ተመልሼ ከምጫን ዕድሜ ልኬን ባነክስ ይሻለኛል፤ ሐሙስን እርሱት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ወረቀትና ስክሪፕቶ ያስነሳኝ ይኸው ነው።

ከሌላ አገር መጥቶ ይህን በር ለሚያነብ ሰው መኪናችንን ላስተዋውቅ። ሟቹ ነጋዴ ጎረቤታችን ለቅሬው፣ በሌላው አገር እድር ለሚባለው፣ የተዉልን ረጅም፣ ሰፊ፣ የጥንት የቤት መኪና ናት። ክርስቲያኑም እስላሙም በሽተኛውን ይወስድባታል፣ ምጥ የያዛት ትሄድባታለች፣ ሽማግሌዎቻችንም ግራና ድረስ ለቅሶ ይደርሱባታል። በፊት ስትሄድ ተኝታ እንደምትንሳፈፍ ነበረች፤ ሕፃን አስተኝተው ቢሳፈሩ ሕፃኑ ሳይነቃ ይደርሳል። ከዚያ ከኋላ ጎማዎቿ በላይ ተጠምጥመው ከሚሸከሟት ሁለት ሞላዎች አንዱ ተሰበረና የእርስዎ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ስለ ሞላ የማውቀው የአልጋውን ብቻ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ትምህርቴም ስለ ሞላ ምንም አላስተማረኝም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ በመጀመሪያ አንድ ሞላ ብቻ ስላስገዙልን እናመሰግናለን። «ያልተሰበረውን ምን አድርጎን እንጥለዋለን?» ያሉት የድንኳን ቤታችን ጠባቂ ጋሽ አያሌው ናቸው፤ አነጋገራቸው ስላማረ ሁላችሁም ጭብጨባ ጨመራችሁበት። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያረጀና የተጫጫነ ሆኖ መኪናችን ወደ ቀኝ አዘንብላ፣ ጆሮው እንደከበደው ሰው የሰፈሩን ወሬ እያዳመጠች ከረመች። ሞላ እንደ ጫማ ጥንድ ጥንዱን እንደሚለወጥ ለኮሚቴው ለመግለጥ ያን ያህል ጊዜ መፍጀቱ፣ ጉዳዩ ምን ያህል በጥልቀት እንደታየ ያሳያል።

ሁለተኛ፤ ይህ የምስጋናዬ ዋና ነው። ኮሚቴው ደሴ ድረስ ወርዶ ሁለት ዓይነት ጥንድ ይዞልን መጣ፤ አንዱ ከድሮው ጋር የሚመሳሰል ለስላሳ፣ ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ ሸክም ለሚበዛባት መኪና የሚሆን ወፍራምና ጠንካራ። እየተገጠሙ ይለኩና የማይሆነው ይመለሳል ተባለ። እስከዚህ ድረስ ከእናንተ ጋር ነኝ። በልኬቱ ቀን ግን ዝናብ ጣለ። በቅሬያችን ሥርዓት ደግሞ ሽማግሌው ሁሉ ተሟልቶ ካልተቀመጠ ውሳኔ አይወሰንም። እናም ከዝናቡም ለመዳን፣ ሥርዓቱንም ለመጠበቅ፣ ሰባታችሁም መኪናዋ ውስጥ ገብታችሁ ተቀመጣችሁ፤ ስብሰባውም ተከፈተ። መካኒኩ ለስላሳውን ገጥሞ ቢያይ የኋላ ገላዋ ጎማው ላይ ተኛ። እንዴት አይተኛ! ከውስጥ በመስኮት «አይሆንም፣ ይህ ደካማ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። ጠንካራው ሲገጠም ቀጥ አለች። «ይህ ነው!» ተባለ፤ ከመካከላችሁ ሸህ ጀብሪል ዱዓ አደረጉ፣ አሜን ተባለ፣ ውሳኔው ጸደቀ።

ከዚያ ወረዳችሁ፣ ክቡርነትዎ። እኔ በአጥሬ በኩል ቆሜ አየሁ። አንዱ ሲወርድ ኋላዋ ትንሽ ከፍ አለ፣ ሁለተኛው ሲወርድ ሌላ ትንሽ፣ እንዲያ እንዲያ እያለች የመጨረሻው ሽማግሌ እግሩን መሬት ሲያሳርፍ መኪናችን አፍንጫዋን ደፍታ ኋላዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ቀረች። ከእናንተ ግን አንድም ዞር ብሎ ያየ አልነበረም፤ ምሳ ቀርቧል ተብሎ ነበርና። በሽተኛ ሰባት ሆኖ እንደማይታመም፣ ምጥም ለኮሚቴ እንደማይመጣ በዚያ ሰዓት የሚያስታውሳችሁ ሴት ስላልነበረች ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ግራናዎች ግን በጣም ተደስተዋል። ለቅሶ ደርሳችሁ ስትወርዱ ከሩቅ አይተው «የመርሳዎች መኪና እንኳ ለሐዘንተኛ እጅ ትነሳለች» እያሉ ጨዋነታችንን ያወራሉ አሉ።

ሦስተኛ፤ ሀጂራን ባለፈው ቀጠሮዋ ስለመውሰዳችን። ሾፌራችን ኡበይደላ ነበር፣ አጠገቧ የተቀመጥኩትም እኔ ነኝ። መቀመጫው ወደ ፊት ያዘነበለ በመሆኑ ከመርሳ ሳንወጣ ሁለታችንም ተንሸራተን ከኡበይደላ ወንበር ጀርባ ጋር ተዋወቅን። እሷን በአንድ እጄ፣ ጣሪያውን በሌላ እጄ ይዤ ሲሪንቃ ስንደርስ መንገዱ ላይ ካለው ጉብታ ወጣን፤ መውጣቱንስ ወጣን፣ የወረድነው ግን ለየብቻ ነው። መጀመሪያ መኪናዋ ወረደች፣ ቀጥሎ ሀጂራ፣ በመጨረሻ እኔ። ሀጂራ ከዚያ እስከ ወልድያ ሸሃዳዋን አላቋረጠችም። ኡበይደላ «እትዬ፣ ቀስ ብዬ እኮ ነው የምነዳው» ቢላት «አንተ ቀስ ትላለህ፤ ከኔ በታች ያለው ነው የሚጋልበው!» አለችው። ስንመለስ ደግሞ አመሻሽ ላይ መብራት ቢያበራ፣ የፊት መብራቱ ከአፍንጫዋ ጋር ስለተደፋ የሚያሳየን ከጎማው ሥር ያለውን አስፋልት ብቻ ሆነ። ጉንዳን አጥርተን አይተናል። ከፊት የሚመጣውን ግን የምናውቀው ጥሩምባ ሲነፋብን ነበር።

አራተኛ፤ ይህን አቤቱታ በቃል ሳቀርብ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ የሰጠኝን መፍትሔ በተመለከተ። ሸህ ጀብሪል አላህ ዕድሜ ይስጣቸውና «ክብደት ነው የጎደላት፤ ሽንኩርት ጫኑባት» አሉ። እኔ የግራና ሽንኩርት ነጋዴ ስለሆንኩ ጆንያ አላጣሁም፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ሞልተን ለሙከራ ወደ ውርጌሳ ወረድን። እውነቱን ልናገር፣ እንደ ድሮዋ ተንሳፈፈች! ጉድ ነው አልኩ። ግን ውርጌሳ ስንቆም ሴቶቹ ከበቡንና ዋጋ ጠየቁኝ። ክቡርነትዎ፣ ሃያ ዓመት የነገደ ሰው ዋጋ ተጠይቆ ዝም ማለት ይችላል? ሽንኩርቱ አለቀ። ስንመለስ ኋላዋ ወደ ሰማይ፣ እኔ ወደ ጣሪያ። ሐሙስ ዕለትም ሀጂራን ይዘን ስንሄድ ሲሪንቃ ላይ አንድ ሰው «ስንት ነው?» ቢለኝ ራሴን ማመን አልችልም።

አምስተኛ ብዬ ልቆጥረው ወይስ ልተወው ሳመነታ ቆየሁ፤ ግን ይህን ካላነሳሁ ይቆጨኛል። ያ ለስላሳው ጥንድ ደሴ አልተመለሰም። ድንኳን ቤቱ ውስጥ ነው። አንደኛው ሞላ ላይ ጋሽ አያሌው ትራስ ጥለው ተቀምጠውበታል፣ በሁለተኛው ላይ እግራቸውን ያሳርፋሉ። ስለ ምቾቱ ብጠይቃቸው «እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጬበት አላውቅም፤ ወገቤን ገላገለኝ» አሉኝ። እኔ የምለምነው ይህ ምስክርነት ለኮሚቴው በጽሑፍ እንዲቀርብልኝ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ በሞላ ላይ ተቀምጦ ሲመቸው፣ ያው ሞላ ዳሌዋ ከተሰበረ ሴት ሥር ቢገባ ምን ያህል ይመቻታል ብሎ ለማሰብ ስብሰባ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ይጠራልን።

ለውጡት ስንል «ዱዓ የተደረገበት ውሳኔ አይሻርም» ማለትዎን ሰምቻለሁ። የቅሬያችንን ሥርዓት አከብራለሁ፤ ያለ እሱ ማን ይቀብረን ነበር? ዱዓው የተደረገው ግን ለተሳፋሪው ደህንነት እንጂ ለብረቱ ዕድሜ አይመስለኝም። ሀጂራም ሲሪንቃ ላይ ብዙ ዱዓ አድርጋበታለች፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚሰማ እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን ከሁለት አንዱን እንለምናለን። ወይ ከሐሙስ በፊት ለስላሳው ጥንድ ከጋሽ አያሌው ሥር ተነስቶ መኪናዋ ላይ ይገጠምልን፤ ወይም ውሳኔው አይነካም ካላችሁ፣ ሞላው የተመረጠው በእናንተ ልክ ነውና ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ተሟልቶ ይገኝልን። ሀጂራ እግሯን ዘርግታ ከኋላ ትቀመጣለች፤ እርስዎ ለክብርዎ ከአጠገቧ፤ ሁለት ሽማግሌ ከኡበይደላ ጎን፤ የቀራችሁት አራታችሁ ሽንኩርቱ የነበረበት ቦታ ትገባላችሁ። ክዳኑን ከፍተን በገመድ እናስረዋለን፤ አየር እንዳያጥራችሁ። ወልድያ ስንደርስም ሐኪሙ እስኪያያት ድረስ እንዳትወርዱ አደራ፤ ኋላዋ ይነሳል።

የሰፈሩን ሸክም ተሸክማችሁ የምትውሉ፣ መኪናዋንም ያው በዚያው ሸክም የለካችሁልን አባቶቻችን፣ ፈጣሪ ዕድሜና የተስተካከለ መንገድ ይስጥልን፤ ጉብታ አያሳያችሁ እያልኩ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበት፣

አክባሪዎና ተንሸራታች ተሳፋሪዎ፣
ወይዘሮ ትንሳኤ፣ የሀጂራ ጎረቤት

ግልባጭ፦
ለመካኒኩ (ምሳውን በልቶ ከሆነ)
ለሀጂራ ዳሌ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ወሬው ቀድሞኝ ኖሯል፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ አልማዝ መጥተው ከሀጂራ አልጋ ጫፍ ተቀመጡ። እርስዎ የሐሙሱን ጥያቄ ሲሰሙ «እኔ? በዚያች መኪና? እንኳን እስከ ወልድያ እስከ ገበያው ድረስ አልሄድባትም፤ ስብርብሬ ይወጣል!» ማለትዎን አንድም ቃል ሳያጎድሉ ነገሩን። ሀጂራ ሳቋን መያዝ ስላቃታት ዳሌዋን በሁለት እጇ ይዛ «በሉ እንግዲህ፣ ዳኛው ፈርዷል፤ ሐሙስን አትርሱት፣ እሄዳለሁ» አለች። ኡበይደላ በር ላይ ቆሞ ይህን እንደሰማ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። ወዴት ነው ብለው «ጋሽ አያሌውን ከሞላው አስነስቼ ጋራዥ፤ የዳኛውን ፍርድ ላስፈጽም» ብሎኛል።