አራት ፎጣ ከጅዳ

ሐይቅ፣ መጋቢት 14

ጅዳ ለምትገኝው ለልጄ ልጅ ይድረስ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ? ያች ቀጭኗ እመቤትሽ ዛሬም ደረጃውን በቀን ሁለት ጊዜ ታስወለውልሻለች? የረመዳኑን ድካምስ እንዴት ተወጣሽው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሦስት ጥርስ ቀርቶኛል፤ ሦስቱም ተኳርፈው በየፊናቸው ነው የሚኖሩ። ሌላው አካላቴ ሙሉ ነው። ሁሉም ደህና ነው፤ ይህን ደግመሽ አንብቢው።

ፊደሉን እንዲህ ማተለቄ አይግረምሽ። ዘጠኝ ዓመት ዐረብኛ ስትለፈልፊ አማርኛው ጠፍቶብሽ እንደሁ ብየ ነው። መስመሩ አልፎ አልፎ እርስ በርሱ ቢረጋገጥብሽ ደግሞ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የሀያ ልጅ ሙጂባ ናት፤ እሷም ወደዚያው ለሥራ መምጣቷ ነው። እናቷ ሀያ በየቀኑ ምሳ ታመጣልኛለች። ልታገባኝ አስባ ይሆናል ብየ እጠረጥራለሁ፤ ወጡን ግን ጨው ስለምታበዛበት ገና እሽ አላልሁም።

ሙጂባ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ብላ ሳቀችብኝ። በስልክ ድምፄ ያሳጣኛል፤ ለዚህ ነው። አንች ደግሞ በቪዲዮ ካልሆነ አይሆንልሽም። ባለፈው ወዴት ነው የምታየው፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ብለሽ ስትስቂ ፍየሏ ጎመን ልትበላ ስትገባ አይቼ ነው ብየሽ አልነበር? እንዲያ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጉዳዩ የፎጣ ነው።

አጎትሽ ኡስማን ያችን ጥቁር መኪና በላብሽ ገዝቶ ግቢየ ውስጥ ሲያቆማት፣ እስክትመጭ ድረስ እኔ እንድይዛት አደራ አልሽኝ። ለአረፋ ጠቅልለሽ ገብተሽ ከሐይቅ ደሴ ሰው እያመላለስሽ ራስሽ ልትሠሪባት፣ እኔም ጋቢና ተቀምጨ መንገዱን ላሳይሽ። ከዚያ አራት ፎጣ በካርቶን ልከሽ በድምፅ መልእክት ታስተምሪኝ ጀመር። ሰማያዊው ለማጠቢያ፣ ቢጫው ለማድረቂያ፣ ነጩ ለመወልወያ፣ ግራጫው ለጎማና ለቸርኬ ብቻ አልሽኝ። እኔን። ሃያ ስድስት ዓመት በኤንትሬ የጭነት መኪና አሰብ የተመላለስሁትን ሰውየ። እኛ በዚያ ዘመን አንድ አሮጌ ሸሚዝ ነበረን። በእሱ መኪናውን እናጥባለን፣ ሞተሩን እንጠርጋለን፣ ላባችንን እናብሳለን፣ ሚሌ ስንደርስ ዳቦ እንጠቀልልበታለን። ማንም አልሞተም።

ግን ታዘዝሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፎጣዎችሽን ወደድኋቸው። ማጠቢያው እንደ ግልገል ጸጉራም ነው፤ አሸዋውን ወደ ውስጥ ስቦ ስለሚይዘው ቀለሙን አይፈትገውም። ማድረቂያው እንደ ማር ሰፈፍ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ላይዋ ላይ አንጥፈሽ ትተሽው ብትሄጅ ውሃውን ራሱ ይጠጣዋል። ነጩማ እጅ ላይ መኖሩም አይታወቅ። እሱን ለመኪና መስጠት አሳዘነኝና በመጀመሪያው ሳምንት ትከሻየ ላይ ጣል አድርጌ ጁምዓ ሄድሁ። ሰዉ ሁሉ ማሻ አላህ፣ ከመካ የመጣ ነው ወይ እያለ ዳሰሰው። መስጊድ በር ላይ መዋሸት ስለማይገባ ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ አጥባት ነበር። ብረቷ በፀሐይ ከሞቀ አልነካትም። በሁለት ባልዲ፣ ከጣሪያዋ ወደ ታች፣ እንዳልሽው። አድርቄ ስጨርስ አምባሰል እያንጎራጎርሁ እወለውላታለሁ። መዳፌን ኮፈኗ ላይ ሳሳልፈው ቅቤ የነካሁ ይመስለኝ ነበር።

አንችም ግን ጥፋት አለብሽ። ማጠቢያውንና ማድረቂያውን ማንም ሰው በጣቱ ይለያቸዋል። የመወልወያውንና የጎማውን ምን አስበሽ አንድ ዓይነት ገዛሽ? ስፋታቸው አንድ፣ ልስላሴያቸው አንድ፣ ጠርዛቸው አንድ። በቀለም ብቻ የሚለይ ነገር ለሰው ይላካል?

አንድ ቀን የሐይቁ ነፋስ ሁለቱን ከገመዱ ላይ አውርዶ ጣላቸው። አንስቼ አራግፌ ሰቀልኋቸው። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ኡስማን ከኮምቦልቻ መጣ። ሸራውን ገፈፍሁና እስኪ እያት አልሁት፤ ሙሽራ እንደሚያሳይ ሰው ደረቴን ነፍቼ። ዝም አለ። ታውቂዋለሽ፣ ኡስማን ዝም የሚል ፍጥረት አይደለም። ኮቴው መኪናዋን ሲዞራት ሰማሁ። አንድ ጊዜ ዞረ፤ ደገመ። ከዚያ በምን እንደወለወልኋት ጠየቀኝ። በነጩ ነዋ፣ አልሁና ከገመዱ አውርጄ ሰጠሁት።

«አባ» አለኝ፣ «ይሄ ነጭ ነው?»

ቆሽሾ ነው አልሁት።

ግራጫው ኖሯል። የጎማው፤ የፍሬን ዱቄትና የመንገድ አሸዋ የጠጣው። አምስት ሐሙስ ሙሉ በእሱ ነው የወለወልኋት። ከጣሪያዋ እስከ በሮቿ፣ በዙር በዙር፣ ልክ አንች እንዳስተማርሽኝ እየተጠነቀቅሁ። ፀሐይ ሲያርፍባት የሸረሪት ድር የለበሰች ትመስላለች ይላል ኡስማን። ጭረቱ ደግሞ ለመዳፍ አይሰማም። በነጩ ጎማውን ሳሳምረው ከርሜያለሁ፤ ስለዚህ በሐይቅ ከተማ ካንች ጎማ የበለጠ የተወለወለ ጎማ የለም። ይህን እንኳ ሳቂበት።

ሐይቁ ዳር ሚኒባስ የሚያጥበውን ሀምዱን አስጠራሁት። መጥቶ አገላብጦ አያትና ፎጣ ያበላሸውን ፎጣ እንደማይመልሰው ነገረኝ። መሬት የነካ ፎጣ ዳግመኛ ቦዲ አይነካም፣ ይህ የሥራው ሕግ ነው አለ። ለካ ያለፈውን ወር በሙሉ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ያየኝ ነበር። ለምን አልነገርኸኝም ብየ ጮህሁበት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እያንጎራጎርህ ነበር እኮ አባባ» አለኝ። «ደስ ብሎህ ነበር።»

ሀያም አይታለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቷል። ነገሩን ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። ሀምዱ ሲሄድ እመሬት ላይ ተቀመጥሁና ጀርባየን ለጎማዋ ሰጠሁ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እንዴት እንደሚያለቅስ አልጽፍልሽም፤ ድምፁ አያምርም። ከዚያ ወዲህ እህል እምቢ ብሎኛል። ረቡዕ ለት የጥርስ ሳሙና ጭረት ያስለቅቃል ሲሉ ሰምቼ አንድ ቱቦ ጨረስሁባት። ሦስት ጥርስ ላለው ሰው መቸም አንድ ቱቦ ለዓመት ይበቃ ነበር። ኡስማን ደርሶ ክንዴን ይዞ አስተወኝ። ቁልፏንም ወሰደብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ያደረ ሰው ነኝ፤ ያን ለት ኪሴ ባዶውን ሲቀር የሆንሁትን አላህ ያውቃል።

ወይ አንተ ንገራት፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ፣ ብሎ ኡስማን ወሩ እስኪያልቅ ቀን ሰጠኝ። ይኸው ነገርሁሽ። የመኪናዋን ነገርሁሽ። ሌላ የሚጨምርልሽ ነገር ካለ አትስሚው፤ ኡስማን ነገር ያበዛል። ሐኪም ምናምን ካለሽ እሱ ራሱ ይታይ። ሙጂባም ዱላ መያዜን ብትነግርሽ ለውሻ ነው።

አሁን ቀልዴን ልተውና ልለምንሽ። አባትሽ ከሞተ ጀምሮ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን አድርጊልኝ ብየሽ አላውቅም። ዳሌየ የተሰበረ ጊዜ ሻንጣሽን ዘግተሽ ነበር። ለአባየ ማሳከሚያ ብለሽ መልሰሽ ከፈትሽውና ሁለት ዓመት ፈረምሽ። ዳሌየ በአምስት ወር ጠገገ። ሁለቱን ዓመት ግን ማንም አልመለሰልኝም። ያኔ መጥተሽ ቢሆን ፊትሽን ጠግቤው ነበር። አሁንም ያች ሴትዮ አዲሱን የውል ወረቀት አዘጋጅታ እንደምትጠብቅሽ ሰምቻለሁ። አትፈርሚ። በአላህ ይዠሻለሁ፣ አትፈርሚ። ስለ መኪናዋ ተናደሽ ከመጣሽ ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ያንን የጎማ ፎጣ አንገቴ ላይ አስረሽ ገበያ ለገበያ አዙሪኝ። ስለ እኔ አዝነሽ እዚያው ከቀረሽ ግን የአንችን መቅረት የሚያክም ሐኪም የትም የለም።

ነይና የተጫረችውን መኪና ንጅ። ዐረቦቹ መሪ ያስያዙሽ በቀጥታ መንገድ ነው አሉ፤ የኛን መታጠፊያ ስታይው ትጮሂያለሽ። እኔ አጠገብሽ ነኝ። ከዚህ እስከ ደሴ ያለውን ዳገት አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ማርሽ የት እንደሚቀነስ ከሞተሩ ድምፅ ሰምቼ እነግርሻለሁ።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። የእመቤትሽን ልብ ያራራልሽ፣ እግርሽን ያበርታልሽ፣ የለፋሽበትን በረካ ያድርግልሽ፣ በሰላም ወስዶ እንዳቆየሽ በሰላም ያግባሽ። አሚን በይ፤ ዱዓ ያለ አሚን እንዳታስቀሪብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከሚኒባሱ ወርደሽ ግቢ ስትገቢ እንደ ልጅነትሽ ኮቴሽን አጥፍተሽ መጥተሽ ልታስደነግጭኝ እንዳታስቢ። መጥተሽም ፊት ለፊቴ ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ። ከበሩ ጀምረሽ አባየ፣ አባየ እያልሽ ነይ።

አያትሽ