የቱሉ ዱላ የማይችለው

ማክሰኞ

ያቺ ልጅ መጽሐፌን በአንድ ጥያቄ አፈረሰችው። ያውም ፋሻዋን እየቀየርኩላት።

ለሊሴ ትባላለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጉቶ በሚባለው ገጠራቸው ግንድ እግሯ ላይ ወደቀባት። ቁስሉ ከሰነበተ በኋላ አባቷ ኦቦ ገመቹ በጀርባው አዝሎ እዚህ ነቀምቴ፣ እኔ ድሬሰር ሆኜ ወደምሠራበት ሆስፒታል አመጣት። ፋሻው ሲላቀቅ እንዳትጮህ፣ ከሥራ በኋላ የምጽፈውን ልብ ወለድ እየተረክሁላት ሰነበትኩ። ጀግናዬ ቱሉ ጫፉ ላይ ኮከብ ያለበት የአስማት ዱላ አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሞተ ፈረሱን በዱላው ነክቶ አስነሳ። በሁለተኛው ዲዴሳን አድርቆ በእግሩ ተሻገረ። ዛሬ አራተኛው ላይ ደረስን፤ የቱሉ እናት በወባ የምትሞትበት። እኔ ራሴ ስጽፈው ያለቀስኩበት ነው። እንባዋን እየጠበቅሁ ሳለ፣

"ፈረሱን አስነስቷል። እናቱን ለምን አላስነሳም?" አለችኝ።

ሁለት ዓመት ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም! ፋሻውን አስሬ ወጣሁ። አኩርፌ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ረቡዕ

የመጽሐፌ ነገር ቀልድ ሆነ። ዶክተሩ ዛሬ እግሯን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው። እስከ ቅዳሜ ከጉልበቷ በታች ካልተቆረጠ ልጅቷ አትተርፍም አለ። አስተርጓሚው እኔ ስለሆንኩ ለአባትና ለልጅ ያረዳኋቸውም እኔው ነኝ።

ለሊሴ አላለቀሰችም። "ላኪ" አለች፤ እምቢ ማለቷ ነው። "የቱሉ ዱላ እያለ ለምን ይቆረጣል?"

ኦቦ ገመቹም የፈቃድ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቴን አላሳርፍም አለ። "እሷ እሺ ካላለች እኔ አልፈርምም። ነገ እግሬን ማን አስቆረጠው ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?"

ዱላውን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ላስጥላት የሚገባኝም እኔው ነኝ። ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩ።

እናቱ ከመታመሟ በፊት ዱላው ተሰርቆ ነበር አልኳት። "ወንዝ የሚያደርቅ ዱላ ሌባ መያዝ አቃተው?"

የሚሠራው ለእንስሳ ብቻ ነው አልኩ። "ዲዴሳ እንስሳ ነው?"

ሲጨንቀኝ፣ ያን ቀን ዱላው ደክሞት ነበር አልኩ። ዞር ብላ አባቷን አየችው። "አባቴም ደክሞት ነበር። ግን ሳያወርደኝ እዚህ አድርሶኛል።"



ሐሙስ

እውነቱን ነገርኳት። ቱሉ እንዲገዝፍልኝ ስፈልግ ዱላውን ሁሉን ቻይ አደረግሁት፤ እንዲያለቅስልኝ ስፈልግ ደግሞ ችሎታውን ነሳሁት። ጥፋቱ የቱሉም የዱላውም አይደለም፤ የኔ የጸሐፊው ነው አልኳት።

"ዱላው የለም ማለት ነው?"

"የለም።"

የጃንሆይ ሥዕል ወደተሰቀለበት ግድግዳ ፊቷን አዞረች። ኦቦ ገመቹ እስከ ደጅ ተከትሎኝ መጣ። "የያዘችው ያንን ብቻ ነበር። አንተ ምን አስቸኮለህ?" አለኝ። እስከ ዛሬ "እርስዎ" ነበር የሚለኝ።

እውነቱን ነው። ግን ተረት እንደያዘች ብትሞትስ? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳመላልስ ዋልኩ። ምሳም አልበላሁ። ያጠብኩትን ዕቃ መልሼ አጠብኩ።

ዓርብ

ጠዋት እሷው አስጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል፤ ትኩሳቷ ጨምሯል።

"ሂቦ!" አለችኝ። እንቆቅልሽ ማለቷ ነው። "ከቦታው ሳይነሳ ሰው የሚያደርስ ምንድን ነው?"

መልሱ መንገድ ነበር። ጭንቀት ጋርዶኝ ጠፋኝ።

"አገር ይስጡኝ" አለች። ነቀምቴን ሰጠኋት።

"አዩ? ያቃተው ሰው አገር ይሰጣል። ዱላውም እንደዚያ ይሁን፤ በነጻ አይሥራ። ቱሉ ፈረሱን ሲያስነሳ የተወለደበትን ቀዬ ሰጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሊገባበት አይችልም። ዲዴሳን ሲያደርቅ የቀረውን አገሩን ሰጠ። እናቱ ስትሞት የሚሰጠው አልነበረውም። በፈረስና በወንዝ ጨረሰው።"

በፈረስና በወንዝ ጨረሰው! ሁለት ዓመት ያጣሁትን ልጅቷ አልጋ ላይ ተኝታ አገኘችው። ቀናሁባት፤ ደግሞም ደስ አለኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

"ዶክተሩ እግሬን ወስዶ ምን ይሰጠኛል?"

"ቀሪ ዕድሜሽን።"

"ሌላ አይጠይቅም?"

አይጠይቅም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያዝኩት። "ይበቃል ብሎ ያስባል። ግን እርግጠኛ አይደለም። እኔም አይደለሁም።"

ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "አባኮ፣ ጣትህን አምጣ። ቶሌ" አለች። እሺ ማለቷ ነው።

ኦቦ ገመቹ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ እጁን ያዝኩለት።

ቅዳሜ

ተቆረጠ። ማደንዘዣው ሲሰጣት ቁጠሪ አልናት፤ በኦሮምኛ እስከ ሰባት ቆጠረች። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እሑድ

ትኩሳት። ኦቦ ገመቹ አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ሲጸልይ ዋለ። እኔም ተረኛ ሳልሆን መጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ቆይቶ በርጩማ ሳበልኝና "ቁጭ ይበሉ" አለኝ።

መጽሐፉን አልነካሁትም።

ሰኞ

ትኩሳቱ ጋብ ብሏል። ዶክተሩ ገና ነው፣ አትቸኩል ይላል። እኔ ግን አንድ ኩባያ ሾርባ ጠጣች ብዬ እጽፋለሁ።

የሆስፒታሉ አናጢ የወይራ ምርኩዝ ሠራላት። ለመቆም ገና ሳምንታት ይቀሯታል፤ አላስችል ቢለኝ ይዤላት ሄድኩ። ጫፉ ላይ በቱሉ ዱላ ላይ ያለውን ኮከብ በቢላዋ ቀርጬበታለሁ። ኮከቡን በጣቷ ዳሰሰችና በጥርጣሬ አየችኝ።

"ይሄ ምን ይችላል?"

"እስከ በሩ ያደርስሻል። ስትለምጂው አገርሽ ጉቶም ያስገባሻል።"

"ምን ይወስዳል?"

"ብብትሽን ያሳምምሻል። መጀመሪያ ላይ በጣም።"

"ዱጋ?" እውነት? ማለቷ ነው።

"ዱጋ።"

"ይሄኛውን አምነዋለሁ" አለችና ምርኩዙን ከጎኗ አስተኛችው።